የአራዳ ባለሱቅ ደንበኛውን በምን ይጠራ ነበር?

ዛሬ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት አላወራም። ክፍል ውስጥ ታሪክ ስናስተምር የሚበዛው እሱ ነው፤ ባለሱቅ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። እኔን ደግሞ ሰሞኑን የያዘኝ ጥያቄ የባለሱቅ ነው። በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ የነበሩ ትንንሽ ነጋዴዎች ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ደንበኛቸውን እንዴት ሲያናግሩ ኖሩ? ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ከቃሉ ልጀምር። «ደንበኛ» ከ«ደንብ» ጋር ዘመድ ነው። «ደንበኛ ሥራ» ስንል ወግ ያለው፣ ትክክለኛ ሥራ ማለታችን ነው። ገዢ አንድ ቀን ገዝቶ የሚሄድ ሁሉ ነው፤ ደንበኛ ግን እዚያ ቤት መምጣትን ደንብ ያደረገ ሰው ነው። ደስ የሚለው ነገር ቃሉ ለሁለቱም ወገን መሥራቱ ነው። ሻጩ ገዢውን «ደንበኛዬ» ይለዋል፣ ገዢውም ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥለትን ሴት «ደንበኛዬ ናት» ይላል። ማለትም አንዱ ጮኾ ሌላው የሚሰማበት ነገር አይደለም፤ ሁለቱም ይነጋገራሉ።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አራዳ ነበር። ትልቁ ገበያ የሚውለው ቅዳሜ ነው። አዋጅም የሚነገረው ሕዝብ በተሰበሰበበት በገበያ ነው፤ ነጋሪት ይጎሰማል፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። ነጋዴው ግን ነጋሪት የለውም። ያለው አፉና የተቀመጠባት ቦታ ናት። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ ስላለው፣ ጨው የፈለገ ጨው ወደሚሸጥበት፣ ሸማ የፈለገ ሸማ ወደሚሸጥበት ይሄዳል። የሻጩን ስም ማወቅ አያስፈልግም፤ ቦታው ራሱ ማስታወቂያ ነው። «አራዳ» የሚለው ቃል በኋላ ብልጥ፣ ነቄ፣ አነጋገር አዋቂ የሚል ትርጉም ያገኘው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እዚያ ገበያ ላይ ምላሱ የማይፈታ ሰው ዕቃውን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የምወደው ታሪክ የጣይቱ ሆቴል ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ሲከፍቱ፣ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለአገሬው ሰው እንግዳ ነገር ነበር። እንግዳ ይጋበዛል እንጂ ሂሳብ ይጠየቃል እንዴ? ሲነገር እንደኖረው መጀመሪያ ላይ ሰው ዝር አላለም። ታዲያ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ሲጨርሱ ሂሳቡን ከፈሉ። ከዚያ በኋላ መኳንንቱም ቀስ በቀስ ለመዱ ይባላል። እስቲ አስቡት፣ የአገሩ ንጉሥ የሆቴሉ የመጀመሪያ ደንበኛ ሆኖ «እንዲህ ነው የሚደረገው» ብሎ ሲያሳይ። የዛሬ ማስታወቂያ ሠሪዎች ታዋቂ ሰው ከፍለው የሚያደርጉትን እሳቸው እየከፈሉ አደረጉት።

ጋዜጣስ? ካቫዲያስ የተባለው ግሪክ በምኒልክ ዘመን «አእምሮ»ን ሲጀምር በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰው የሚደርስ ነበር። ከ1905 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ደግሞ በፈረንሳይኛ «ለ ኩሪየር ዴትዮፒ» ወጣ፤ የውጭ አገር የንግድ ቤቶች ዕቃቸውን የሚያስተዋውቁት በእሱ ነበር። በ1917 ዓ.ም «ብርሃንና ሰላም» በአማርኛ መታተም ጀመረ። ይሁንና አንባቢው ጥቂት ነው። እንደ መሐመድ አሊ ያለ ትልቅ የሕንድ ኩባንያ ጋዜጣ ላይ ቢያሳትም ያዋጣዋል፤ ጥልፍ ጠላፊና ኮርቻ ሰፊ ግን ጋዜጣ ውስጥ ምን ይሠራል? የእሱ ደንበኛ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ለትንሹ ነጋዴ ያው ቦታው ነው ያለው።

ከዚያ ቦታው ተነሣ። ጣሊያን ከተማዋን በዘር ለይቶ ሲያቅድ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወሰደው። አራዳ የነጮች የንግድ ሰፈር ሆነና «ፒያሳ» ተባለ። የምኒልክ ሐውልት ራሱ ከቦታው ተነሥቶ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እላለሁ። መርካቶ ዛሬም በተራ የተከፈለ ነው፦ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ። ገበያ እንደ ገበያ ሲነሣ ደንበኛ «ሸማ ተራ የት ሄደ?» ብሎ ጠይቆ ያገኘዋል። ሰውየውን ባያውቀው እንኳ ተራውን ያገኛል። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከነጻነት በኋላ ያለው ፒያሳ በመስታወትና በሽታ፣ በድምፅም ነው የሚያናግራችሁ። ፎቶ ቤቱ የሙሽሮችንና የተመራቂዎችን ፎቶ መስኮቱ ላይ ይደረድራል፤ ሰው የጎረቤቱን ልጅ እዚያ አይቶ ልጁን ይዞ ይመጣል። በ1940ዎቹ የተከፈተው ቶሞካ ደግሞ ሲቆላ ሽታው መንገደኛውን ይጠራል። ፀጉር ቤቱ ማበጠሪያና መቀስ፣ ልብስ ሰፊው ሱፍ የለበሰ ሰው በሩ ላይ ያስላል፤ የማያነብም ይረዳዋላ!

ሙዚቃ ቤቶቹን ለብቻ ላንሣ። ድምፅ ማጉያ ወደ አስፋልቱ አዙረው አዲስ የመጣውን ሸክላ ያስሰማሉ፤ ሰው ቆሞ ያዳምጣል፣ ገብቶ ይጠይቃል። አምኃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የማሳተም መብቱ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። እሱ ግን የሙዚቃ መሸጫ ቤት ስለነበረው ወጣቱ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ በየቀኑ ይሰማ ነበር። ክልከላውን ጥሶ በውጭ አገር አሳተመ። የዘመኑን ሙዚቃ ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው በከፊል አንድ ባለሱቅ ደንበኛውን ስለሰማ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ማሕሙድ አሕመድም ቢሆን በኋላ ፒያሳ ላይ የራሱ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ዘፋኙ ራሱ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ካሴት ሲሸጥ፣ ከዚህ በላይ ማስታወቂያ አለ?

አሁን ብዙ ሰው የማያገናኘው ነገር ልናገር። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። አዋጁ ስንቱን አከሰረ፣ ስንቱን ጠቀመ፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ ጉዳይ ያመጣው ውጤት ግን ይሄ ነው፦ ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ባለሱቅ ከቤቱ አይንቀሳቀስም። አባት ይሠራበታል፣ ልጅ ይረከባል። ደንበኛም «ጊዮርጊስ ስትደርስ፣ ከወርቅ ቤቱ አጠገብ ያለችው» ብሎ ለልጁ ያወርሳል። አድራሻ መጻፍ፣ ስልክ መያዝ፣ ደንበኛን መዝግቦ ማቆየት ለምን ያስፈልጋል? ሰውየው እዚያው ነው፣ ቤቱም እዚያው ነው። የደንበኛ ስም የሚጻፈው ዱቤ ሲወስድ ብቻ ነው፤ ያ መዝገብ ደግሞ ዕዳው ሲያልቅ ይሰረዛል።

በ2016 ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፤ ማታ ማታ ሰው ሲንሸራሸርበት አያለሁ። ነገር ግን የ1930ዎቹን ገበያ አስታውሱልኝ። ያኔ የተነሣው ተራ ከነተራው ነው። አሁን ግን ባለሱቆቹ አንድ አንድ ሆነው በየአቅጣጫው ተበተኑ፣ ነዋሪው ደንበኛም ወደ ከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ሄደ። «የት ሄደ?» ተብሎ የሚጠየቅ ተራ የለም። ሰውየውን በስሙ ካላወቃችሁት ጠፋ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአባቱ የወረሰው ልብስ ስፌት ነበረው። አባትየው ሱፍ ሲለካ የደንበኛውን ስም፣ የትከሻውንና የወገቡን ልክ፣ ከጊዜ በኋላም ስልኩን ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። ልጁ ቤቱ ሊፈርስ ሲል ከመኪናው ቀድሞ ያወጣው ያንን ደብተር ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ደወለ። የሞተ አለ፣ አሜሪካ የሄደ አለ፤ ያገኛቸውን ቴሌግራም ላይ ሰበሰባቸው። አሁን በየሳምንቱ ምን ጨርቅ እንደገባ፣ የትኛው ሲታጠብ እንደሚሰበሰብ ቁጭ ብሎ ይጽፍላቸዋል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባልና የጨርቅ ዋጋ ሲወጣ፣ የድሮውን ዋጋና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምክንያቱን ነገራቸው። የተቆጣ ነበር፣ የቀረም ነበር። አብዛኛው ግን ቆየ።

ከዚህ ጋር የምታነጻጽሩት ስልካችሁ ውስጥ ሞልቷል። የጫማ ፎቶ፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ጌታዬ፣ ዋጋህን ምን አስደበቀህ? ጉልት ላይ የተቀመጠችው እናት እንኳ መደቡ ስንት እንደሆነ በአደባባይ ትናገራለች። ደግሞ ሰው አስተያየት ጽፎ ሲጠይቅ «ይደውሉ» ብሎ መመለስ አለ። ይሄ የገበያ ጩኸት እንጂ ወግ አይደለም።

በእርግጥ ቴሌግራምም ቢሆን የተከራየነው ቤት ነው። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ጨርሶ ጠፍቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው፣ ቪፒኤን የማያውቅ ደንበኛ ሁሉ ከባለሱቁ ተቆራርጦ ከርሟል። ተማሪዬ ደብተሩን ዛሬም ያልጣለው ለዚህ ነው፤ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ልኩንና ስልኩን በእስክሪብቶ ይጽፋል።

እና ከእናንተ የምፈልገው ነገር አለ። ከምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ተነሥቶ አሁን የት እንዳለ የምታውቁት ሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ፎቶ ቤት ካለ፣ የቤቱን ስምና የገባበትን ሰፈር ከታች ጻፉ። በተለይ ጊዮርጊስ ቁልቁለቱ ላይ የነበረውን መነጽር የሚጠግን ሽማግሌ የምታውቁ፤ የእናቴ መነጽር እግሩ ተሰብሮ መሳቢያ ውስጥ እየጠበቀ ነው።