ሀዲስ ዓለማየሁ፦ ልቦለዶቻቸውና ኢልቦለድ ሥራዎቻቸው

ሀዲስ ዓለማየሁ (1902–1996 ዓ.ም.) ደራሲ፣ አርበኛ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ስማቸውን ከሁሉ በላይ ስላስጠራ የቀሩት መጻሕፍታቸው በእርሱ ተሸፍነው ቆይተዋል። የብዕር ሥራቸው ግን ሰፊ ነው። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን እና «ትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም»ን፣ በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?»ን አሳተሙ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980፣ የጦርነትና የእስራት ማስታወሻቸው «ትዝታ» ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ወጡ። እነዚህ መጻሕፍት በዓይነት ይለያዩ እንጂ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰው በሰው ላይ ያለው ሥልጣን በምን ይገደባል? ስለዚህ ኢልቦለዶቹን ከልቦለዶቹ የተረፉ ጽሑፎች አድርጎ መቁጠር ደራሲውን በግማሽ ማንበብ ነው።

ጥያቄው ከሕይወታቸው የመጣ ነው። ሀዲስ የተወለዱት ጎጃም ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በምትገኘው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። የቤተ ክህነቱን ትምህርት በጎጃም አድባራት ከተማሩ በኋላ ዘመናዊውን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ተሻገሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገር ሲወር ከራስ እምሩ ጦር ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ በኋላም ተማርከው ኢጣሊያ ውስጥ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በለንደን አምባሳደርነትና በፕላንና ልማት ሚኒስትርነት አገልግለዋል። የተገዢውን፣ የምርኮኛውንና የሹሙን ኑሮ ሦስቱንም ያዩ ጸሐፊ ናቸው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው በሁለት ቤቶች ታሪክ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በማንኩሳ፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ትዳር ነው። ቦጋለ በቤቷ ለሥራ የገባ ድኻ ነው፤ ውድነሽ ባለ ሀብት ናት። በባላገር ቤት የኑሮ ልዩነቱ ጋብቻውን አላገደውም። የእነርሱ ልጅ በዛብህ ግን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ያው ልዩነት የሞት ፍርድ ይሆናል። ፊታውራሪው ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ በዘር አይመጥንም እያሉ መልሰዋል፤ ልጅቷም ያለ ጋብቻ ዕድሜዋ ገፍቷል። በዚያው ልቦለድ ባላገሮቹ ከሥርዓቱ የበለጠ መተያያ ሲጠየቁ እምቢ ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሳሉ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱት ፊታውራሪም በእጃቸው ይወድቃሉ። የሰብለ ዕጣና የባላገሩ አመፅ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ የልጅን ልብና የባላገርን ጎተራ እኩል የግሌ ነው ከሚል ሥልጣን።

ይህን ንባብ የሚቃወሙ ሁለት መከራከሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ልቦለዱ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ፖለቲካ ሲጫንበት ውበቱ ይጠፋል የሚል ነው። አንባቢ መጽሐፉን የወደደው፣ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካም የተከታተለው በበዛብህና በሰብለ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሁለቱን የለያቸው ዕድል ወይም የግል ክፋት ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን የሚጠሉ አባት አይደሉም፤ የሚያጠፏት ክብር ብለው በተቀበሉት ልማድ ታስረው ነው። የልቦለዱ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣ የሚከራከረውም ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን ከልማዱ ጋር ነው። ንግግሩ አንዳንዴ ረዝሞ ትረካውን እንደሚያዘገይ ማመን ይገባል፤ የመኳንንቱ ዘመድ ሆኖ መኳንንቱን በመንቀፉ «ጉዱ» መባሉ ግን ያ ኅብረተሰብ ሐሳብን እንዴት እንደሚቀጣ በተግባር ያሳያል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንከር ይላል፦ ሀዲስ ራሳቸው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሹም ነበሩ፤ የአስተዳደር መጽሐፋቸውም ከልቦለዱ ስምንት ዓመት ዘግይቶ፣ ሥርዓቱ በሚናጋበት በ1966 ዓ.ም. ወጣ፤ ታዲያ በኋላ የመጣውን ሐሳብ ወደ ኋላ ወስዶ ልቦለዱ ውስጥ መፈለግ ተገቢ ነውን? የጊዜው ቅደም ተከተል ግን ሐሳቡ ከፊቱ ስለ መኖሩ ይመሰክራል። በ1948 ዓ.ም. ስለ ትምህርት የጻፈ ሰው ልማድ የሚለወጠው አእምሮ ሲታነጽ መሆኑን ያምናል፤ በ1958 ዓ.ም. ልማዱ የሚያደርሰውን ጥፋት በሰዎች ሕይወት አሳየ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በልቦለድ መልስ የማይሰጠውን የአስተዳደር ጥያቄ በቀጥታ አነሳ። ሹመቱም ትችታቸውን አያፈርሰውም፤ የመንግሥት ሥራን ከውስጥ ማወቃቸው ጥያቄውን ከሩቅ ተመልካች ጩኸት ይለየዋል። «ወንጀለኛው ዳኛ» የሚለው ርእስም አብዮቱ ካለፈ በኋላ ጥያቄው እንዳልተዘጋ ይናገራል፤ ሕግ የሚያስከብረው ራሱ ሕግ ሲጥስ ማን ይዳኘዋል?

«ትዝታ» በዚህ መካከል ልዩ ቦታ አለው። በራስ እምሩ ጦር ላይ በተከዜ የመርዝ ጋዝ የዘነበበት ጦርነት፣ ያልተገደበ ኃይል የመጨረሻ መልኩ ምን እንደሆነ አሳይቷል። መጽሐፉ የታተመው መጨረሻ ላይ ቢሆንም የሚተርከው ልምድ ከልቦለዶቹ ሁሉ ይቀድማል፤ ስለዚህ እነርሱን ለመረዳት እንደ መነሻ ሊነበብ ይገባዋል። የሥነ ጽሑፍ መምህራንም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለብቻው ከማስተማር ይልቅ ከ«ትዝታ»ና ከ1966ቱ መጽሐፍ ጋር ቢያስነብቡ፣ ተማሪው ልብ ከሚነካ ታሪክ አልፎ ስለ ፍትሕ አርባ ዓመት ገደማ ሳያቋርጥ ያሰበ ኢትዮጵያዊ አሳቢ ያገኛል። የሀዲስ ዓለማየሁ ትልቅነት በአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚለካ አይደለም።