የእመጫት ወንበር፦ ከፔጆ 404 እስከ ኤርባግ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡሩ ብቻ ሳይሆን ባቡሩ ሊወጣው ያልቻለው ዳገትም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። መሐንዲሶቹ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ ሲያጠኑት ግን ወጪው የሚቀመስ አልሆነም። ሐዲዱ ሐረርን ከላይ ትቶ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከደቻቱ በስተምዕራብ የባቡር ኩባንያው ሰዎች ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ቀይሰው፣ ዛፍ ተክለው ከዚራ የተባለውን ሰፈር ሠሩ። ከወዲያ ማዶ መጋላ አደገ።

ባቡር ያልወጣውን ዳገት መኪና ወጣው። በደንገጎ ጠመዝማዛ በኩል ከድሬዳዋ ሐረር መመላለስ የሹፌር ሥራ ሆነ። በዚህ መንገድና በሁለቱ ከተሞች ጎዳናዎች ላይ ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው መኪና ፔጆ 404 ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበው፣ ቅርጹን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈው ይህ የፈረንሳይ መኪና በሐረርና በድሬዳዋ ታክሲ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት አገለገለ። በትውልድ አገሩ የሙዚየም ዕቃ ከሆነ በኋላም እዚህ እንጀራ ሲያበላ ኖሯል።

በዚያ ዘመን የጸናው አንዱ ልማድ ዛሬም አለ። ሕፃን የታቀፈች እናት ወደ ታክሲ ስትቀርብ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ወርዶ ወደ ኋላ ይዛወራል። ሹፌሩም «እህቴ፣ ነይ ጋቢና ግቢ» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጋቢና አይጋፉም፣ በድሬ ሙቀት ከመስኮቱ ነፋስ ይገኛል፣ ለመውረድም ይቀላል። ልማዱ የደግነት ልማድ ነው። ፔጆዋ ግን በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ተሳፋሪን የሚቀበለው ከረጢት፣ ማለትም ኤርባግ፣ አልነበራትም።

በእርግጥ በፔጆም ቢሆን ጋቢና ለጨቅላ ደኅና ቦታ አልነበረም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢላተም፣ በእናቱ ክንድ ያለ ሕፃን ወደፊት የሚወረወርበት ኃይል የክብደቱን ከ20 እስከ 30 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስድስት ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ከ120 ኪሎ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። ቀበቶውን በእናትና በልጅ ላይ አንድ ላይ ማሰርም አይበጅም፤ የእናቲቱ ሰውነት ልጁን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቀዋል። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን አደጋው ከግጭቱ ራሱ የሚመጣ ነበር። ለማዳን የተሠራ መሣሪያ ራሱ ልጁን ይመታል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ለልጅ የታሰበ፣ ለጎልማሳ የተለካ

የኤርባግ ታሪክ አስገራሚነቱ መነሻው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆን ሄትሪክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከባለቤቱና ከሰባት ዓመት ልጁ ጋር በፔንስልቬንያ ገጠር ሲነዳ መንገድ ላይ ድንጋይ አጋጠመው። ለማምለጥ ሲል መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። በዚያች ቅጽበት እርሱም ባለቤቱም ከፊት ከእነርሱ ጋር የተቀመጠችውን ልጅ ለመከለል እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ተረፉ። ሄትሪክ ግን ያንን የዘረጉትን እጅ የሚተካ ነገር ማሰላሰል ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወር የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። በጀርመንም ዋልተር ሊንደረር ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ በዚያው ዓመት ማረጋገጫ አገኘ።

ሐሳቡ ከዘመኑ ቀድሞ ነበር። ከረጢቱ ሊጠቅም የሚችለው ከአንድ ሰከንድ መቶ እጅ ሦስት ወይም አምስት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ከተነፋ ነው፤ የታመቀ አየር ደግሞ ለዚህ አይደርስም። ግጭትን የሚለይ ፈጣን መሣሪያና በቅጽበት ጋዝ የሚያመነጭ ኬሚካል እስኪገኝ ሃያ ዓመት ገደማ ወሰደ። ጄኔራል ሞተርስ በ1970ዎቹ ጥቂት መኪኖች ላይ ገጠመው፤ መርሴዲስ ቤንዝ በ1980ዎቹ መባቻ ኤርባግን ከቀበቶ ጋር አቀናጅቶ አቀረበ።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀበቶ የሚያስሩ አሜሪካውያን ከመቶ 15 አይሞሉም ነበር። ስለዚህ የአገሪቱ ደንብ ኤርባጉ ቀበቶ ያላሰረውንም ሰው እንዲያድን ጠየቀ። መለኪያው 78 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ያልታሰረ የወንድ አሻንጉሊት ነበር፤ ፍጥነቱም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር። በዚህ ፍጥነት የሚመጣን ጎልማሳ ለመግታት ከረጢቱ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት መፈንዳት ነበረበት። ለልጅ የታሰበው ነገር ቀበቶ ማሰር በሚሰለቸው ጎልማሳ ልክ ተሰፋ።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። ስዊድናዊው ሐኪም በርቲል አልድማን የአሜሪካ ጠፈርተኞች ሲመጥቁ ጀርባቸውን ለግፊቱ ሰጥተው እንደሚተኙ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ያዞረ የሕፃናት መቀመጫ ሠርቷል። የጨቅላ ራስ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ፣ አንገቱም ገና ያልጠና ስለሆነ፣ በግጭት ጊዜ ኃይሉን በጀርባው ሙሉ ቢቀበል ይሻለዋል። ይኸው አልድማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 ኤርባግ ፊቱ ቆሞ የሚገኝ ሕፃንን ምን ሊያደርገው እንደሚችል በእንስሳት ላይ ሞክሮ አደጋውን በጽሑፍ አሳይቷል።

አሜሪካ በ1991 ባወጣችው ሕግ የፊት ኤርባግ በሁሉም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ እንዲሆን ወሰነች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቷ ወደኋላ የዞረ የሕፃን መቀመጫ ኤርባግ ፊት እንዳይቀመጥ ቢያሳስብም፣ ቃሉ ከወላጆች ጆሮ በደንብ አልደረሰም። መቀመጫው ጋቢና ሲደረግ የሕፃኑ ራስ ከኤርባጉ ክዳን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ከሁሉም የተሻለው መቀመጫ እዚያ ቦታ ላይ ከሁሉም የከፋ ሆነ። በዝግታ በሚደርሱ ተራ ግጭቶች፣ ጎልማሶቹ ያለ ጭረት ሲወጡ ሕፃናት ሞቱ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በፊት ኤርባግ ምት ከ290 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የአሜሪካ መዝገብ ያሳያል፤ ከሹፌር ጎን ተቀምጠው ከሞቱት አብዛኞቹ ሕፃናትና ልጆች ናቸው።

ይህ ኤርባግን ጠላት አያደርገውም። በዚያው አገር እስከ 2017 ድረስ ከ50,000 በላይ ሕይወት ማትረፉ ይገመታል። የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው፦ ማስጠንቀቂያው ጎላ፣ የፍንዳታው ኃይል ቀነሰ፣ የተቀመጠውን ሰው ክብደት የሚለይ መሣሪያ ተጨመረ፣ ልጆችም ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። አውሮፓም ኤርባጉ ካልተዘጋ በቀር ወደኋላ የዞረ መቀመጫን ጋቢና ማድረግን በሕግ ከለከለች።

ዲኤክስ ሄደ፣ ቪትዝ መጣ

ወደ እኛ ሲመጣ ለውጡ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ፔጆና አሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክስ ኤርባግ አልነበራቸውም፤ ከእነርሱ በኋላ የጎረፉት ቪትዝ፣ ያሪስና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች አላቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል ቦታውን እየያዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንዲሁ። በፀሐይ መከላከያው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ግን እንደ መኪናው ምንጭ በጃፓንኛ፣ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። የጋቢናውን ኤርባግ መዝጊያ ቁልፍም ብዙዎቹ የላቸውም።

ያገለገለ መኪና ሌላም ጣጣ አለው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለጋዝ ማመንጫነት የተጠቀመበት አሞኒየም ናይትሬት ለረጅም ጊዜ በሙቀትና በእርጥበት ሲቆይ ይበላሻል፤ ኤርባጉ ሲፈነዳም የብረት ስብርባሪ ይረጫል። ያሪስንና ኮሮላን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ከሌላ አገር የመጣ መኪና ያለው ሰው የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ጥገናው ተደርጎለት እንደሆነ ማጣራት ይችላል።

በከዚራ ጎዳና ዛሬ አብዛኛው ጨቅላ የሚጓዘው በባጃጅ ነው፤ የባጃጅ አደጋ ሌላ መጣጥፍ ይጠይቃል። የቤት መኪና ያለው ቤተሰብ ግን ሊያደርግ የሚገባው ብዙ አይደለም። ልጅ ከኋላ ይቀመጥ፤ እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ከኋላ ቢሆን ይመረጣል። ለጨቅላ በቀበቶ የታሰረና ወደኋላ የዞረ መቀመጫ ከሁሉ ይበልጣል። እርሱ ካልተገኘ እናትና ልጅ ቢያንስ ከኋላ ይግቡ፤ ቀበቶው እናቲቱን ብቻ ይሰር። መሪውን የያዘው ደግሞ ደረቱን ከመሪው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቅ።

ይህን ለመናገር የተሻለው ቦታ የትራፊክ ፖሊስ መቆሚያ አይመስለኝም። እናት ልጇን ለክትባት በ45ኛው ቀን፣ ከዚያም በቀጠሮዋ መሠረት ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። ከብዙ ሕፃናት የመጀመሪያ የመኪና ጉዞዎች አንዱም ይኸው ነው። ስለ ጡትና ስለ ክትባት ካርድ የምትመክረው ነርስ «ስትመለሺ ከኋላ ተቀመጪ» ብትል የሚጨምርባት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሜሪካ ይህንን ዓረፍተ ነገር ለወላጆቿ ለማድረስ የልጆች ሕይወት ከፍላለች፤ እኛ ዘንድ እስካሁን የሚያስፈልገው የሚናገረው ሰው ብቻ ነው።