ስለ ሳሙና ዘይቶች አመራረጥ፤ የሐለብና የማርሴይ ልማድ

ሳሙና ቅባት ከአልካሊ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ጨው መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቅባት ሁሉ አንድ ዓይነት ሳሙና አይሰጥም። አንዱ ቆዳን ሳይጎዳ ያጸዳል፣ አረፋው ግን ጥቂት ነው፤ የሌላው አረፋ ይበዛል፣ ቆዳን ግን ያደርቃል። ይህ ጽሑፍ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚኖሩ ሳሙና ሠሪዎች በነዚህ በሁለቱ መካከል እንዴት እንደ መረጡ ለማስረዳት የታሰበ ነው። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፈረንጆች አሌፖ በሚሏት በሶርያ ከተማ በሐለብ የሳሙና ሥራ በሁለት ዘይቶች ላይ የቆመ ነው። የወይራ ዘይት በታላቅ ድስት ከአልካሊ ጋር ሦስት ቀን ያህል ይፈላል፤ ወደ መጨረሻውም የላውረል ፍሬ ዘይት ይጨመርበታል። ከዚያም በወለል ላይ ፈሶ ሲረጋ ይቆረጣል፣ የሠሪው ማኅተም ይታተምበታል፣ ነፋስ እንዲያገኘው ሆኖ ተደርድሮ ከ6 እስከ 9 ወር ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ውጭው ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ ውስጡ ግን አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቈያል። የላውረል ዘይት ከወይራ ዘይት ይልቅ ውድ ስለ ሆነ፣ የሳሙናው ዋጋ የሚወሰነው በገባበት የላውረል መጠን ነው።

በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ግን ምርጫው ለሠሪዎች ፈቃድ አልተተወም። በ1688 ዓ.ም. በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ስም የወጣው ዐዋጅ ከወይራ ዘይት በቀር ሞራም ሆነ ሌላ ቅባት በሳሙና ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ፤ ሙቀት ሳሙናውን ስለሚያበላሽም በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ሥራው እንዲቆም አዘዘ። ዐዋጁ የከተማይቱን ሳሙና ስም አስከበረ፤ ነገር ግን በሕጉ መሠረት የተሠራው ሳሙና አረፋው የወይራ ዘይት ከሚሰጠው ሊበልጥ አይችልም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የሰሊጥ፣ የኦቾሎኒ፣ የፓልምና የኮኮናት ዘይቶች በመርከብ እየመጡ ወደ ማርሴይ ድስቶች ገቡ።

የልዩነቱ ምክንያት የተገለጠውም በዚያው መቶ ዓመት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭሩል በ1823 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ቅባት ከልዩ ልዩ አሲዶችና ከግሊሰሪን የተሠራ መሆኑን አስረዳ። በ1842 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ማርሶን በላውረል ፍሬ ውስጥ አንድ አሲድ አገኘ፤ እርሱም ከዛፉ ስም ተወስዶ ሎሪክ ተባለ። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው ሎሪክ አሲድ ነው። የሎሪክ አሲድ ካርቦኖች 12 ብቻ ስለ ሆኑ ሳሙናው በውሃ ፈጥኖ ይሟሟል፣ በጨዋማው የባሕር ውሃ እንኳ ያረፋል፤ ነገር ግን የቆዳን ቅባት አጥቦ ይወስዳል። በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ኦሌይክ አሲድ ግን 18 ካርቦን አለው፤ ሳሙናውም ለቆዳ የሚስማማ፣ አረፋው ዘገምተኛ ነው። እንግዲህ የሐለብ ሠሪ ላውረልን ከወይራ ጋር ሲያዋሕድ የሁለቱን አሲዶች ሚዛን ኬሚስቶች ስም ሳይሰጧቸው በፊት በእጁ ይዞት ነበር። ዛሬም በቤታቸው ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የወይራውን ዘይት አብዝተው ጥቂት ኮኮናት የሚጨምሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ይህ ነገር የአገራችንንም ተመራማሪ ይመለከታል። የኑግ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት ብቻውን ቢሠራ ሳሙናው ልል ይሆናል፣ ፈጥኖም ይበላሻል፤ የጉሎ ዘይት ግን በጥቂቱ ሲገባ አረፋውን ያጸናዋል። እንዶድም ዘይት ሳይገባበት በሳፖኒኑ ያረፋል። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶዱ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የተረዱት በዐድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ተመልክተው ነው። በሐለብ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ብዙ ሠሪዎችን በተነ፤ ዩኔስኮም የላውረሉን ሳሙና ጥበብ በ2024 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከሠሪው ጋር ስለሚሰደድና ስለሚሞት፣ የአገራችንን የማጠቢያ ልማድ የሚሰበስቡ ተማሪዎች የዘይቱንና የተክሉን ስም ብቻ ሳይሆን መጠኑን፣ የማፍላቱን ጊዜና የማድረቁን ሥርዓት ጭምር ከባለሙያዎቹ አፍ ሊጽፉ ይገባል።