የቲቢ ሕክምናን በችግር ጊዜም ሳያቋርጡ መጨረስ

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖር ሰው ግን በእነዚህ 6 ወራት ውስጥ ክረምት፣ የአጨዳ ሥራ ወይም ረጅም ጾም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጽናት ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።

ሲሻልዎት ለምን አያቆሙም?

በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ። ሳሉና ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎትም ይመለሳል። ይሁን እንጂ ተደብቀው የቀሩ ተህዋስያን አሉ። በዚህ ጊዜ ካቋረጡ በሽታው ሊያገረሽ፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምናው የበለጠ ከባድ ነው።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

• ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ሁመራ የሚሄዱ ከሆነ፦ ከመነሳትዎ በፊት ለጤና ጣቢያው ይንገሩ። የመዛወሪያ ወረቀት ይዘው ሕክምናዎን እዚያ መቀጠል ይችላሉ።
• ከተፈናቀሉ፦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዳባት ሲደርስ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት የሕክምና ካርድዎንና የቀረዎትን መድኃኒት ይዘው ይውጡ። ካርዱ ቢጠፋም በደረሱበት ጤና ተቋም ታሪክዎን ይንገሩ።
• ጾም ከሆነ፦ መድኃኒቱን አያቋርጡ። የጤና ባለሙያዎን፣ አስፈላጊ ሲሆንም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።
• ጠላና አረቄ፦ ከመድኃኒቱ ጋር ጉበትን ስለሚጎዱ ይተዉአቸው።

ቀናት ካለፉዎት

ያለፈውን ለማካካስ ድርብ አይውሰዱ። በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ስንት ቀን እንዳለፈዎት በእውነት ይናገሩ፤ ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በዚያ ነው።

ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ

ሽንትዎ ብርቱካናማ ቢሆን ከመድኃኒቱ ነውና አይደንግጡ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ትውከት ከበዛ፣ እይታዎ ከደበዘዘ ወይም ደም ካሳልዎት ግን አይዘግዩ።

ለቤተሰብ

ጽናት የታማሚው ብቻ ሸክም አይደለም። አንድ ሰው በየቀኑ መድኃኒቱ መዋጡን ይከታተል። መንገዱ ረጅም ከሆነ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያነጋግሩ። ባቄላ፣ ሽሮ፣ እንቁላልና ወተት እንደ አቅም ያቅርቡ። መስኮት ይክፈቱ። አብረው የሚኖሩ ሁሉ፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፣ ይመርመሩ። ታማሚውን ከማዕድ አያግልሉ፤ ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በሳህንና በማንኪያ አይተላለፍም።

የመጨረሻው የአክታ ምርመራ ተደርጎ ባለሙያው «ጨርሰዋል» እስኪልዎ ድረስ ሕክምናው አላበቃም።