ከባልደረባ እስከ ከፊል

በመጋቢት 1834 ዓ.ም ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን አቀና። ሐሳቡ ወሎን አቋርጦ ጎንደር መግባት፣ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ማነጋገር፣ ከዚያም በምጽዋ በኩል ወደ ግብፅ መሻገር ነበር። ሸዋ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጧል፤ አማርኛ ያውቃል፤ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ጋር ወዳጅ ነው። ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር ጋቲራ ላይ ሲደርስ የአገሩ ገዥ አዳራ ቢሌ በደስታ ተቀበለው፤ አስተናግዶም ሸኘው። ክራፕፍ ጥቂት እንደ ተጓዘ ከፊቱ ያለው አገር መታመሱን ሰማ። ተቀናቃኞቹ መሳፍንት ራስ ዓሊና ደጃች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ከተዋጉ ገና ሁለት ወር አልሞላም። በመጣበት መንገድ ወደ ጋቲራ ተመለሰ።

ሲመለስ ያው አስተናጋጅ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀው። ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክተኛ ስለ ተላከ መልሱ እስኪመጣ እንዲቆይ ተነገረው። ቆየ። ከመልሱ ይልቅ ቀድሞ የመጣው ዝርፊያ ነበር። ገንዘቡንና ዕቃውን ተቀምቶ በዘበኛ ተነድቶ ወጣ፤ መንገድ ለመንገድ እየለመነ፣ በተሁለደሬ አልፎ፣ በሚያዝያ ምጽዋ ደረሰ።

የዚህ ጉዞ ጣጣ በዚያ አላበቃም። ክራፕፍ በተጁራ በኩል ተመልሶ ሸዋ ለመግባት ቢሞክር ሣህለ ሥላሴ አይግባ አሉ። በዛሬ አነጋገር ቪዛ ተከለከለ። ሰውዬውም ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ሞምባሳ ወረደ፤ በ1842 ዓ.ም የኬንያን ተራራ ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሆነ። የምሥራቅ አፍሪካ የአሰሳ ታሪክ አንድ ምዕራፍ በከፊል ከአንኮበር ቤተ መንግሥት በወጣ «አይሆንም» የተጻፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክራፕፍ ታሪኩን በመጽሐፉ የተረከው እንደ ክህደት ነው። ዝርፊያው በእርግጥ ዝርፊያ ነው። ከዝርፊያው በፊት የነበረው «መልስ እስኪመጣ ቆይ» ግን ለእሱ የተፈጠረ ተንኮል አልነበረም። እንግዳን እንዲህ ማቆየት በዚያ አገር የኖረ ሥርዓት ነው፤ አዳራ ቢሌ ያደረገው ሥርዓቱን ለዘረፋ መጠቀም ነው።

መልክዓ ምድሩ ራሱ ለዚህ ሥርዓት የተመቸ ነው። ከደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ ተነሥቶ ቦረናን፣ አማራ ሳይንትን፣ ለጋምቦን፣ ወረኢሉን የሚያይ ሰው አገሩ በሦስት ወገን በገደል የታጠረ መሆኑን ያስተውላል። በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ፣ በደቡብ ወንጭትና ጀማ። ደጋው ሰፊ ነው፤ መውጫ መግቢያው ግን በጣት የሚቆጠር መልካ ነው። በበጋ እንኳ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ለመውጣት ቀን ይፈጃል፤ ክረምት ሲገባ ዓባይ ራሱ መንገዱን ይዘጋል። ኬላ ለማቆም አጥር መገንባት አያስፈልግም። መልካው ላይ ጥቂት ሰው ማስቀመጥ ይበቃል። ቀረጥ ተቀባዩ ከነጋዴው ጨውና ማር ድርሻውን ያነሣል፤ እንግዳ ፊት ሲያይ ደግሞ ለጌታው ይልካል።

የውጭ አገር ሰው እዚያ ሲደርስ የሚጠየቀው ወረቀት አልነበረም። «ባልደረባህ ማን ነው?» ነው።

ዛሬ ባልደረባ ስንል ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ የሚሠራውን ሰው ማለታችን ነው፤ ቃሉ ቢሮ ገብቶ ክብደቱን ጥሏል። በዚያ ዘመን ባልደረባ ማለት መስፍኑ ወይም ንጉሡ ለእንግዳው የሚመድቡለት ሰው ነው። እንግዳው በቀጥታ ጌታው ፊት አይቀርብም፤ ጉዳዩን የሚያስገባለት፣ መልሱን የሚያወጣለት እሱ ነው። ማደሪያ ያሲዝለታል፣ ድርጎ ያስመጣለታል፣ ሌባ እንዳይነካው ይጠብቀዋል። እንዳያመልጥም ይጠብቀዋል። ሁለቱ ጥበቃዎች በአንድ ሰው ላይ ስለ ተደረቡ የአውሮፓ ተጓዦች ባልደረባቸውን አንድ ገጽ ላይ ሲያመሰግኑ በሚቀጥለው ሲረግሙ ይገኛሉ። ባልደረባ የሌለው እንግዳ ደግሞ የማንም ያልሆነ ሰው ነው፤ የማንም ያልሆነ ሰው ዕቃም እንዲሁ።

ድርጎው በነጻ የሚመጣ አልነበረም፤ የሚከፍለው ግን እንግዳው አይደለም። የጌታው ትእዛዝ ሲደርስ ጭቃ ሹሙ በየደጁ እየዞረ እንጀራውን፣ በጉን፣ ማሩን፣ ለበቅሎው ገብሱን ይሰበስባል። የእንግዳው «የመኖሪያ ፈቃድ» ወጪ በወሎ ገበሬ ጎተራ ላይ የተጻፈ ነበር። ተጓዦቹ ስለ ገበሬው ንፉግነት ሲያማርሩ ይህንን እምብዛም አያነሡም።

ነገሩ ከክራፕፍ በፊት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ደጋ ቤተ አምሓራ ይባል በነበረበት ዘመን፣ የፖርቱጋሉ ንጉሥ በ1479 ዓ.ም የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በብዙ አገር ዞሮ አፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። እስክንድር በደኅና ተቀበሉት፤ ወደ አገሩ እንደሚሸኙትም ቃል ገቡለት፤ ሳይሸኙት ሞቱ። አፄ ናዖድ ግን አልለቅም አሉ። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት ተሰጠው፣ ተከበረ። አልወጣም። በሚያዝያ 1512 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወርደው ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲመጡ ኮቪልያን ሽማግሌ ሆኖ አገኙት። ለመሄድ ሲነሡም አብሯቸው ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀ፤ እነሱም ጠየቁለት። መልሱ ያው ነበር።

መልእክተኞቹም ቢሆኑ ነገሩ አልቀለላቸውም። ንጉሡ የላካቸው ሰዎች እየተመላለሱ ምን ይዛችሁ መጣችሁ፣ ስጦታው ለምን አነሰ፣ ቁንዶ በርበሬስ አለ ወይ እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። ዋናው ስጦታ ሕንድ ቀርቶ ነበርና መልስ አልነበራቸውም። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአምሓራና በሸዋ መካከል ባሉት ገደሎች ላይ በር ተሠርቶ ዘበኛ ቆሞ ማየቱን፣ አንደኛው ቦታም አህያ ፈጅ ይባል እንደ ነበር ጽፏል። ናዖድ ጀምረውት ልብነ ድንግል ያስፈጸሙትን መካነ ሥላሴንም፣ የኢማም አሕመድ ጦር በ1524 ዓ.ም ሳያቃጥለው በፊት፣ ካዩት ጥቂት የውጭ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። መልእክተኞቹ ከምጽዋ የወጡት በሚያዝያ 1518 ነው። ስድስት ዓመት። የመርከብ መዘግየት ለዚህ ድርሻ ቢኖረውም የስንብቱ መጓተት ግን የታወቀ ነው።

ስንብት የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ ማረፍ ያስፈልጋል። በቤተ መንግሥት ቋንቋ መሰናበት ማለት ደኅና ሁን ማለት ብቻ አይደለም፤ መሄድ ተፈቅዶልኛል ማለት ነው። ሳይሰናበት የወጣ ከድቶ የወጣ ነው። ይህችን ትርጉም አለማወቅ በ1858 ዓ.ም ብዙ አስከፈለ።

ታሪኩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ ለንደን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ረሳችው። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን መልስ ሳይዝ ተመልሶ በ1856 ታሰረ። እንግሊዞች እሱን ለማስፈታት የሞሱል ተወላጁን ሆርሙዝድ ራሳምን ላኩ። ራሳም በሐምሌ 1856 ምጽዋ ደረሰ፤ የመግቢያ ፈቃድ ጠይቆ ደጅ ሲጠና ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ተቀመጠ። የተነሣው በጥቅምት 1858 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቀርብ በክብር ተቀበሉት፤ እስረኞቹንም ፈቱለት። ራሳም ግን እስረኞቹን ንጉሡ ፊት ሳያቀርብ፣ ዕርቅ ሳይወርድ፣ ከጣና ዳር በቀጥታ ሊሸኛቸው ተነሣ። ቴዎድሮስ ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት። ሁሉም ተመልሰው ተያዙ፤ በሐምሌ 1858 በበሽሎ ማዶ ወደምትገኘው ወደ መቅደላ አምባ ተወሰዱ።

ሚሲዮናዊው ፍላድ ብቻ ወጣ። ወደ እንግሊዝ ሄዶ የእጅ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ነው የተላከው። ሚስቱና ልጆቹ ዋስ ሆነው ቀሩ። ከዚህ የበለጠ የመውጫ ቪዛ ፎርም ሊኖር አይችልም፦ ስም፣ ምክንያት፣ የመመለሻ ጊዜ፣ ዋስ። ፍላድ ፎርሙን አክብሮ ተመለሰ።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቀድሞውኑ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የነበሩት ጀርመንና ስዊስ አንጥረኞች ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ገደል እየተቆፈረ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት ሲያስጎትቱት አብረው ነበሩ። ከናዖድ እስከ ቴዎድሮስ የነገሥታቱ ሐሳብ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ የሚጠቅም ሰው ለምን ይለቀቃል? የማይጠቅም ከሆነ ደግሞ ሰላይ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ባዕዳኑ ይህንን የአረመኔ ጠባይ ብለው ቢጽፉም ሰላይነቱ ባዶ ሥጋት አልነበረም። ተጓዦቹ ያነሡት ካርታ እስረኞቹን ሊያስፈታ ለመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጠቅሟል። ጦሩ አርባ አራት የሕንድ ዝሆን ይዞ፣ በሽሎን ተሻግሮ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉበትን አምባ ያዘ። እስረኞቹ በዚያው ሰሞን ወጡ።

ከዚህ በኋላ ወረቀት እየገባ፣ ሰው እየወጣ ሄደ። በዚያው በወሎ ምድር ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል በአወዛጋቢው አንቀጽ 17 ብቻ ነው የሚታወሰው፤ እሱም ይገባዋል። ይሁንና ውሉ የጉምሩክ አንቀጽም ነበረው፦ ከምጽዋ የሚመጣና ወደ ምጽዋ የሚሄድ ሲራራ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚከፍለው አንድ ቀረጥ ብቻ ነው፣ እሱም ከዕቃው ዋጋ መቶ እጅ ስምንት። «አንድ» የምትለዋ ቃል ለነጋዴው ከስምንቷ ይልቅ ትከብዳለች፤ በየመልካው በየኬላው እየቆመ ሲከፍል የኖረ ያውቃታል። በጥር 1900 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ደግሞ ቀረጡን በመቶ እጅ አሥር ላይ ወሰነ፤ የውጭ ዜጎችም ዳኝነት በቆንስላቸው እንዲሆን ፈቀደ። ተጓዡ የምኒልክን ማኅተም የያዘ ደብዳቤ በየኬላው እያሳየ ማለፍ ጀመረ። ባልደረባው አልጠፋም፤ ማኅተሙ ግን ከእሱ ቀድሞ ይናገር ነበር። በደርግ ዘመን ይለፍ ለባዕድ ብቻ መሆኑ ቀረ። የመካነ ሰላም ሰው ከወረዳው ወጥቶ ለመጓዝ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ባዕድን ሲያስቆም የኖረው ደጋ የራሱን ልጆች ባዕድ አድርጎ መላክ ያዘ። ከቦረና፣ ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ የሚነሣ ወጣት መጀመሪያ ደሴ ይወርዳል፤ ከመካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በፓስፖርት በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ወይም ያለ ፓስፖርት በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ጠረፍና በየመን በኩል ሳዑዲ ይገባል።

እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ አያቶቹ መልካው ላይ ሲጠይቁት የኖሩት ነው። ከፊልህ ማን ነው? ከፊል በዐረብኛ ዋስ ማለት ነው። ሠራተኛው አገር የገባው በእሱ ስም ነው፤ መኖሪያ ወረቀቱ፣ ኢቃማው፣ የሚታደሰው በእሱ እጅ ነው። አገሩ ደርሶ ለመመለስም ሆነ ጨርሶ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ፈቃድ፣ ኹሩጁን፣ እስከ 2013 ዓ.ም ድረስ የሚያስወጣለት እሱ ብቻ ነበር። የቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ከቤቱ ከወጣች ከፊሉ ወደ ፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ወደ ጀዋዛት፣ ሄዶ ጠፍታለች ብሎ ያስመዘግባል። ይህ ምዝገባ ሁሩብ ይባላል፤ ሁሩብ የተባለችው ልጅ ደመወዟን ብትጠይቅ የምትያዘው እሷው ናት። ከሳዑዲ የተመለሱ የወሎ ሴቶች ይህችን ቃል ሳይተረጉሙ ነው የሚናገሯት።

ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባልደረባ የመንግሥት ሰው ነበር፤ እንግዳው ቢሞትበት ንጉሡ ይጠይቁታል። ከፊል ግለሰብ ነው፤ የሚጠቀመውም ከዚያችው ከሚጠብቃት ሠራተኛ ጉልበት ነው። ድርጎም የለም። ኮቪልያ ርስት ተሰጥቶት ነበር።

በ2006 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ሳዑዲ የሰጠችው የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ አፈሳው ጀመረ። እስከ መጋቢት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው ጥቅምት ወር ለሥራ መጓዝን አግዶ ነበር፤ በ2008 የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ እገዳው በ2010 ተነሣ። ሳዑዲ ደግሞ በመጋቢት 2013 ዓ.ም ሕጓን አሻሽላ የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩና የመውጫ ፈቃድ ራሳቸው እንዲጠይቁ ፈቀደች። ማሻሻያው የቤት ሠራተኞችን፣ ሾፌሮችን፣ አትክልተኞችንና እረኞችን አላካተተም።