አያ ጅቦ ሰንበቴ ገበያ

ካራቆሬ ላይ ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር የእኛ የልጆቹ መዋያ ማማ ነበር። ጠዋት ወፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝንጀሮ። ወንጭፍ ይዤ እዚያ ላይ የዋልኩት ቀን ቢቆጠር ክፍል ውስጥ ከዋልኩት ሳይበልጥ አይቀርም። ዝንጀሮ ጠብቆ የማያውቅ ሰው መንጋው ሁሉ አንድ ይመስለዋል። እኛ ግን እያንዳንዱን በጠባዩ ለይተን ስም አውጥተንለት ነበር። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ወዲያ የሚያይ መስሎ እኛን የሚሰልለው «ጭቃ ሹም» ነበር። ከሁሉ ኋላ መጥቶ ከሁሉ ፊት የሚበላው ጎፈራሙ ደግሞ «ደጃዝማች»። በ1966 አብዮቱ መጥቶ ባለ ማዕረግ ሁሉ ሲሻር ያው ዝንጀሮ «ሊቀ መንበር» ተባለ። አበላሉ ላይ ግን ለውጥ አላየንም።

ይህን የቆፈረብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ልጁ ያደገው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አምና ክረምት ሊጠይቀን ሲመጣ እንደ ሉዶ ጠጠር የሚጣል፣ ሃያ ፊት ያለው ነገርና ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ከሻንጣው አወጣ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚሉት ጨዋታ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት አንዱ ጀግና፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ጠንቋይ እየሆኑ ይቀመጣሉ። ተራኪው «ጫካውን ጨርሳችሁ አንድ መንደር ደረሳችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ያሰቡትን ይናገራሉ፤ ይሳካላቸው እንደሆነ ጠጠሩ ይፈርዳል።

የተራኪው መከራ የሚጀምረው ተጫዋቾቹ ባላሰበው በኩል ሲሄዱ ነው። እሱ ዋሻና ዘንዶ አሰናድቶ ይጠብቃል፣ እነሱ ጠላ ቤት ይገባሉ። ባለ ጠላዋ ማን ናት? ቁጡ ናት ወይስ ወሬ ትወዳለች? ዱቤ ትሰጣለች? ለዚህ ሲባል የጨዋታው ኩባንያ እንደ ፈረንጅ በ1980 «ሮግስ ጋለሪ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፦ ሙሉውን የተሰናዳ ሰው፣ ጉልበቱ፣ ብልሃቱ፣ ትጥቁ በቁጥር የተቀመጠለት። ተራኪው ሲቸግረው ገልጦ አንዱን ማንሳት ነው።

«ጋሼ፣ እናንተ ጋ እንደዚህ ነበር?» አለኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው መልስ አጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ማታ ነው፣ ጅብ ሲጮህ።

አያቴን እማማ እንላት ነበር። በ1953 ግንቦት መሬት ሲንቀጠቀጥ ማጀቴ ፈረሰች፣ የካራቆሬም ቤት ተናጋ። እኔ ገና አልተወለድኩም። እማማ ስትናገር ጣራ አምኖ የሚተኛ ሰው ጠፋ፣ መንደሩ በሙሉ ደጅ ማደር ያዘ። ቆላ ስለሆነ ብርዱ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ጅቡ ነው። ስለዚህ ኩበት እያጨሱ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጆቹን መሃል አድርጎ በአንድ ግቢ ከረሙ። መሬቱ ደግሞ ባሰኘው ሰዓት ይነሳበታል። ልጆቹ እንዳይፈሩ ተረት እንድትነግራቸው የታዘዘችው እማማ ነበረች። በሳምንቱ የምታውቀው ሁሉ አለቀባት። «ተረቱ አለቀ እንጂ አያ ጅቦ አላለቀ» ትለኝ ነበር። በስምንተኛው ማታ ያንኑ አያ ጅቦ አንስታ ሄዶ ወደማያውቅበት አገር ላከችው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እንላለን። ከዚያ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ረዘም ይላል፤ ማንን እንደምታመጣ የምትመርጠው ያኔ ነው። ያን ቀን ሰንበቴ ውላ ከሆነ አያ ጅቦም ሰንበቴ ይሄዳል። የሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ የሚውል፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። አያ ጅቦ ጋቢ ለብሶ፣ ጥርሱን በጋቢው ጫፍ ከልሎ አህያ ተራ ይገባል። እማማ ነጠላዋን አፏ ላይ ትጠቀልልና ድምፅዋን አፍንጫዋ ውስጥ ትከተዋለች፦ «እንደምን ዋላችሁ፤ እኔ እንኳ ጨው ልገዛ ነው የመጣሁ።» እመት አህዪትን ሲያይ ምራቁ ጋቢውን ያረጥበዋል። ባለ አህያው «ምን ሆነሃል አንተ?» ይለዋል። እዚህ ላይ ታቆማለች።

«ምን አለ?»

የምንመልሰው እኛ ነን፣ በአፍንጫችን። አንዱ «ሎሚ አይቼ ነው» አለ። አንዷ «እናቴ ትዝ ብላኝ አልቅሼ ነው» አለች። የጎረቤታችን የሼሁ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ «ጾም ይዤ ነው» ሲል እማማ ሳቅ አሸንፏት ነጠላዋ ወለቀ። የሱን መልስ ወሰደችለት፤ አያ ጅቦ ያን ማታ ገበያ መሃል ስለ ጾሙ ሲመረመር አመሸ። አንድ ሌላ ልጅ ግን «አህያዋን ገዝቶ እንጨት ሊጭናት ነው» ቢል «እሱማ አያ ጅቦ አይደለም» ብላ መለሰችው። ጅብ እንደፈለገው ይዋሻል፤ ውሸቱ ግን ማስታወቅ አለበት። ደህና አድርጋ የምትዋሸው እመት ጦጢት ናት። አያ አንበሶ ይፈርዳል፣ ሲፈርድም ለራሱ ቆርጦ ያስቀራል። አህያ ታምናለች። ይህን ሕግ ማንም አላስተማረንም፤ ሲጣስ ግን የአራት ዓመቱ ልጅ ሳይቀር ያውቃል።

የፈረንጁ መጽሐፍ በቁጥር የሚያስቀምጠውን የእኛ ሰው በማዕረግ ነው ያስቀመጠው። «አያ» ለታላቅ ወንድም፣ ለተከበረ ጎልማሳ የሚባል ነው። ያን ሆዳም «አያ» ማለት እኔ እንደሚገባኝ እኩሌታው ፍርሃት ነው፣ እኩሌታው ማሾፍ። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የምትለው ምስኪንም ሞቷ ደጃፏ ቆሞ እንኳ ማዕረጉን አልከለከለችውም። ለጦጣ ደግሞ «እመት»፣ የባለ ትዳር ወግ። ማዕረጉ ከተጠራ ሌላ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ተራኪዋ በሁለት ቃል ሙሉ ሰው አቆመች።

ተረቱ ሲሰለቸን እንቆቅልሽ ነበር። ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ እሱም አንዱን አገር ይሰጣል። አሸናፊው ወዲያው የዚያ አገር ጌታ ሆኖ ይቀመጥና ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ተሸናፊውን ምን እንዳሸከመው ይዘረዝራል። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ጠጠሩን አስቀምጦ «አገር ሰጣችሁ?» አለ። ሰጥተናል። ደሴን በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ሰጥቻለሁ።

ልጁ በፈንታው አንድ ሥዕል አሳየኝ፣ እንደ ፈረንጅ በ1977 ከታተመው የጨዋታው የአውሬዎች መጽሐፍ። ጅብ መሳይ፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ መሣሪያ የያዘ፣ በመንጋ የሚዘርፍ። «ኖል» ይሉታል። ባወጡት ጊዜ፣ በ1974፣ የጅብ ነገር አልነበረበትም፤ በኋላ ነው ጅብ የሆነው። ጋይጋክስ ይኖር የነበረው ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ የምትባል ከተማ ነው። እዚያ አገር ጅብ በዱር የለም። የእኛ ሰው ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላል። ዊስኮንሲን ሄደ፣ አነጠፉለትም።

የልጁ ጨዋታ አውሬዎች ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ፊሳልጎስ የሚባል መጽሐፍ አለ፤ በግሪክኛ የተጻፈ፣ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰ። አንበሳው፣ ጅቡ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ የሚነሳው ፊንክስ፣ ባለ አንድ ቀንዱ እንስሳ፣ እያንዳንዱ ከነጠባዩ ተቀምጧል፣ ከጠባዩም ሃይማኖታዊ ትርጓሜ ይወጣለታል። ያው መጽሐፍ በላቲን በኩል አውሮፓ ገብቶ የመካከለኛውን ዘመን የአውሬ መጻሕፍት ወለደ። ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ የልጁ ጨዋታ ውስጥ የገባው ከዚያ ዘር ነው። የግእዙን ፊሳልጎስ ጀርመናዊው ፍሪትስ ሆመል ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው እንደ ፈረንጅ በ1877 ነው። የአውሬዎቹ መጽሐፍ በ1977። አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም እኔን ደስ አሰኝቶኛል።

የእኛም ከተማ ለተሰናዳው አውሬ ሥራ ሰጥቶታል። ሩሲያ የተማሩት፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር ሲጽፉ ሰው አላቆሙም። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው ያሉት፣ ተረቱንም ከላ ፎንቴን ወስደው። አውሬው ሲናገር የተመለከቱት መኳንንት ግን ራሳቸውን ሰሙ፤ ቴያትሩም ታገደ። በ1957 ቴሌቪዥን ሲመጣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ የሁላችን አባባ ተስፋዬ፣ እነዚያኑ አውሬዎች አርባ ዓመት ያህል ለልጆች ሲያጫውቱ ኖሩ። እሳቸው ተረቱን በምክር ነበር የሚዘጉት። የእማማ አያ ጅቦ ተደብድቦ ሮጦ፣ በነጋታው ማታ ያው ሆኖ ይመጣል። ምክሩን ብናጣም እኔ የእማማን እመርጣለሁ።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄዱም አሉ። አለቃ ገብረሃና የፎገራ ሰው፣ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ በልጃቸው ስም ተክሌ የሚባለው ዝማሜ ዛሬም አለ። ቅኔ አዋቂነታቸውና ምላሳቸው ከምኒልክና ከጣይቱ ቤት አድርሷቸዋል። አሁን ግን ሊቁ ቀርተው ቀልደኛው ብቻ ናቸው የተረፉት። ባለቤት የሌለው ቀልድ ሁሉ ለሳቸው ይሰጣል። ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ስለ ሞባይል ካርድ ሲቀልዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህ አለቃን ብዙም አይጎዳቸውም። መኳንንቱም ቢሆኑ አውሬ የሆኑት ለአንድ ማታ ነው። በእኛ መንደር ግን ዕድሜ ልኩን የተለጠፈበት ሰው ነበር። ቀጥቃጭ ነው። የመንደሩ ማረሻና ማጭድ በሱ እጅ ያለፈ ነው፤ መንደሩ ደግሞ ቡዳ ይለዋል፤ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ይለዋል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ 1963። እማማ ማጭድ አሠርቼ እንድመጣ ላከችኝ። «ዓይኑን እንዳታይ፤ የሰጠህን እንዳትበላ» ብላኛለች። ወናፉን የምትነፋው ልጁ ናት፣ የእኔ እኩያ። ብረቱን በጉጠት ይዞ እሳት ውስጥ ያገላብጠዋል፣ እያገላበጠ ያስላል፦ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ የጭስ ሳል። ማጭዱን ሰጥቶኝ ሲያበቃ ከገበታው ላይ የማሽላ ንፍሮ ዘግኖ እጁን ዘረጋልኝ። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እጁ ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ንፍሮውን አንድ ሳያፈስ ገበታው ላይ መለሰው። ልጁ ወናፉን አላቆመችም።

ያን ማታ እማማ አያ ጅቦን አመጣችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀለለች። ከመናገሯ በፊት አሳለችው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ ያውም ከሁሉ አብልጬ፣ ሳሉን በቅርብ የሰማሁት እኔ ነኛ።

ምኒልክ በ1900 ባለ እጁን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ይህን ያነበብኩት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። አዋጁ በስልሳ ሦስት ዓመት ካራቆሬ አልደረሰም ነበር፤ ወይ ደርሶ እንደ እኔ እጁን አይቶ ሸሽቷል። እማማ ክፉ ሰው አልነበረችም። በመንቀጥቀጡ ወራት የሰው ልጅ ሁሉ ግቢዋ ሲያድር እሱና ቤተሰቡ የት እንዳደሩ ግን ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም አንስታው አታውቅም።

የእህቴ ልጅ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው የጎረቤት ልጆች ሰብስቦ አጫወታቸው። መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ቡና እየጠጣሁ አያለሁ። አማርኛው ይሰባበርበታል፣ ልጆቹ ግን ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጀምሮ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ ልጅ ጠንቋይ ሆና አስፈራርታቸዋለች። መንደር ሲደርሱ ሰይፋቸው ተሰብሮ ቀጥቃጭ ፈለጉ። የእህቴ ልጅ ራሱ ካሰናዳው ደብተር አንዱን አወጣ፦ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ጥቂት፣ ዋጋ የማይቀንስ፣ ሥራው የማይዛነፍ። ድምፁን አወፍሮ ተናገረላቸው። ልጆቹ ዓይን ዓይኑን እያዩ ተከራከሩት፣ አንዷም ዱቤ ጠየቀችው።

«ይሄ ሰውዬ» አልኩት ከጥጌ፣ «ማታ ማታ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ደብተሩን ወደ ሻማው አስጠግቶ አየ። ገጹን አገላበጠ።

«ምንም አልጻፍኩም ጋሼ። ማታማ ይተኛል» አለኝ።