«መጠን» እና «ስርገት» በቁርጥማት መድኃኒት ታሪክ

በመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ ታጥፎ የሚገኘውን ወረቀት ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ዋና ችግሩ የመድኃኒቱ ስም አይደለም፤ ስሙ እንዳለ በፊደላችን ሊጻፍ ይችላል። ችግሩ የሚነሣው መድኃኒቱ ስንትና እንዴት እንደሚወሰድ፣ ከተዋጠም በኋላ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን በሚያስረዱት ጥቂት ቃላት ላይ ነው። ለዚህም ማስረጃ ይሆነን ዘንድ ለአንጓ ብግነት ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠውን ዳይክሎፌናክን ከነቀደምቶቹ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ካህን የአኻያ ዛፍ ቅርፊት አድርቆና ፈጭቶ ለንዳድ ሕሙማን በመስጠት ያገኘውን ውጤት ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ገለጸ። የጀመረበትም መጠን በየአራት ሰዓቱ 20 «ግሬን» ነበር። ቃሉ በቁሙ የእህል ቅንጣት ማለት ነው፤ በመድኃኒት ቀማሚዎች ሚዛን ግን 65 ሚሊግራም ያህል የሚመዝን መለኪያ ነው። ስለዚህ «20 ቅንጣት» ብሎ የሚተረጉም ሰው 1.3 ግራም ዱቄትን ወደ ጥቂት ፍርፋሪ ይለውጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1876 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ማክላጋን ከአኻያ የሚገኘውን ሳሊሲን ለቁርጥማት ትኩሳት እንደሚበጅ አሳተመ። በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን በባየር ፋብሪካ ንጹሑን አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ ሠራ፤ በ1899ም «አስፒሪን» ተብሎ ወጣ። ስሙ ከ«አሴቲል» የመጀመሪያ ፊደልና «ስፒሬያ» ከተባለው ተክል የተውጣጣ ነው። እኛም ዘንድ እንዳለ ገብቶ ተለምዷል። (ከእርሱ ይልቅ የሚያስገርመው «ኪኒን» ነው፤ የወባ መድኃኒት የነበረው የኪና ስም ለማናቸውም እንክብል መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።)

አውሮፓውያን «ዶዝ» የሚሉት ቃል ከግሪክ «መስጠት» የወጣ ስለ ሆነ ነገሩን ከሰጪው ወገን ያያል። የእኛ «መጠን» ግን ከመለካት የተነሣ ነው፤ ለሙያውም ይበልጥ የሚስማማ ይመስለናል። ጉድለቱ በአንድ ጊዜ የሚዋጠውንም፣ የቀኑን ድምርም፣ የጊዜውን አከፋፈልም በአንድነት መሸከሙ ነው። ስለዚህ «መጠን» ለአንድ ጊዜው ተወስኖ፣ ሥርዐቱ በሙሉ «አወሳሰድ» ቢባል ይሻላል።

ዳይክሎፌናክ በስዊዘርላንዱ ሲባ ጋይጊ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለገበያ ቀረበ። ይህ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ነገር ብዙዎች «መመጠጥ» ይሉታል። ይሁን እንጂ «መጠጠ» ፈሳሽን ወደ ራሱ የሚስብ አድራጊ ስለሚፈልግ ዐሳቡን በአንጀት ላይ ያሳርፋል፤ መንገደኛው ግን መድኃኒቱ ነው። «ሰረገ» ይህን በትክክል ስለሚገልጥ «ስርገት» የሚለውን እንመርጣለን። ስርገትን ግን ወደ ደም ዝውውር ከመድረስ ጋር ማደባለቅ አይገባም። የተዋጠው ዳይክሎፌናክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይሰርጋል፤ ሆኖም ጉበት በመጀመሪያው ማለፊያ ስለሚለውጠው ሳይለወጥ ወደ ዝውውር የሚደርሰው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ተመጠጠ» ከተባሉ ወረቀቱ ከራሱ ጋር የሚጋጭ ይመስላል።

ከሁሉ የከፋው ግን የሽፋኑ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኡና እንክብልን በኬራቲን ሸፍኖ በጨጓራ ሳይሆን በአንጀት እንዲፈታ አደረገ። የዳይክሎፌናክ ሶዲየም አንዱ ዐይነት እንዲሁ ነው፤ ጨጓራን እስኪያልፍ ይዘገያል፣ ከዚያ በኋላ ግን በቶሎ ይለቃል። ምግብ ሲቀድመውም የበለጠ ይዘገያል እንጂ የሚሰርገው መጠን ብዙም አይለወጥም። ሌላው ዐይነት ለብዙ ሰዓት ጥቂት በጥቂት ይለቃል። የመጀመሪያው ለአንጓ ብግነት ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊግራም እየሆነ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይታዘዛል፤ ሁለተኛው 100 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቱንም «ቀስ ብሎ የሚለቅ» ብሎ የተረጐመ ሰው ባለ 100ውን ሦስት ጊዜ ለማስዋጥ በር ይከፍታል፤ ይህም 300 ሚሊግራም፣ የተለመደው የ150 እጥፍ፣ ለጨጓራ መድማት የሚያጋልጥ ነው። ስለዚህ ለፊተኛው «ዘግይቶ ለቃቂ»፣ ለኋለኛው «አዝግሞ ለቃቂ» የሚሉትን እናቀርባለን። የቃላቱ መልክ ከተባባሰ ድምፅ ይልቅ ሊያደናግር ይችላል የሚል ተርጓሚ ቢኖር፣ የፊተኛውን በሽፋኑ «አንጀት ላይ የሚፈታ» ብሎ መጥራት ይችላል፤ የሁለቱም እንክብል ግን ሳይሰበርና ሳይታኘክ እንደሚዋጥ አብሮ ይጻፍ።